ሳልጨብጠው የቀረው እጅ

አቶ ገላና እጃቸውን ዘርግተው፣ ሦስት ሺህ ሰው እያየ፣ እኔ ፊት ለፊት አፍጥጬባቸው ሳልጨብጣቸው አለፍኩ ይባላል። ሦስት ሺህ ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ የማርያምወርቅ «ስልሳ ቢሆን ነው» ትላለች፤ እሷ የሰው ቁጥር ላይ ንፉግ ናት። ቦታው ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ፣ የጎረቤታችን የልደቱ እናት ያረፉ ጊዜ የተተከለው የእድር ድንኳን ነው። ሰዓቱ ቀትር ስለነበረ ጨለማውን ማመካኘትም አልችልም።

ነገሩን ያከበደው የእጁ ባለቤት ነው። አቶ ገላና የአያንቱ አባት ናቸው። አያንቱ ደግሞ ልጄ ማቲዎስ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ሌላ ሴት እንዳያይ ያደረገችው ልጅ ናት፤ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ልንልክ ቀን ቆርጠን ነበር። ሰውየው በየሰፈሩ ብድግ ቁጭ የሚሉ ዓይነት አይደሉም። ያን ቀን ግን የልጃቸውን የወደፊት አማት ላክብር ብለው ከአግዳሚው ወንበር ከፍ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

እኔም አየኋቸው። ፊታቸውን፣ ሽበት የጣለበትን ጢማቸውን፣ ግንባራቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር አየሁ። እጃቸውን ግን አላየሁም። ራሴን ነቅነቅ አድርጌ «ነፍስ ይማር» አልኩና አልፌ ሄጄ ተቀመጥኩ። እጁ አየር ላይ ቀረ። በእኛ ሰፈር የሰው እጅ አየር ላይ ከሚቀር ቤት ቢቃጠል ይሻላል፤ ለቃጠሎው ቢያንስ ጎረቤት ውሃ ይዞ ይመጣል።

ስለ ዓይኔ ልንገራችሁ። እኔ ሣህሌ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። ከሾላ እስከ ኮተቤ ያለው የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ የእጄ ሥራ ነው፤ የኅትመት ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ማለቴ ነው። ፊደል ስጽፍ ማስመሪያ አልነካም። ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት ከሱቄ ደጅ ሆኜ የእንጦጦ ራጉኤልን ጉልላት አያለሁ፤ እላዩ ላይ ያረፈችው ርግብ በየትኛው እግሯ እንደቆመች መናገር እችላለሁ። እግሬ ሥር የተኛውን ውሻ ግን አላየውም። ስንት ጊዜ እንደረገጥኩት እሱና እኔ እናውቃለን።

ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሐኪም ነገረችኝ። «ግላኮማ ነው። ግፊቱ የዓይንዎን ነርቭ ጎድቶታል። መሐሉ ደህና ነው፤ ዳር ዳሩ ጠፍቷል። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውን ካላቋረጡ የቀረውን እናቆየዋለን» አለች። እንግዲህ ዓለምን የማያት በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቄ ነው ማለት ነው። ቀዳዳዋ ውስጥ የገባው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ያልገባው ጨለማም አይደለም፣ ጭጋግም አይደለም፤ ዝም ብሎ የለም።

ይህን የምታውቀው የማርያምወርቅ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። መንገድ ስንወጣ ክንዴን ትይዛለች፤ ሰው ደግሞ «በዚህ ዕድሜያቸው ይኼ ሁሉ ፍቅር» ይላል። ፍቅርም አለበት፤ ዋናው ግን ቁንጥጫው ነው። አንዴ ከቆነጠጠችኝ አንድ ሰው ሰላም እያለኝ ነው። ሁለቴ ከሆነ እጅ ተዘርግቷል። ጥፍር ከጨመረችበት ቄስ መጥቷል፣ መስቀል መሳለም አለብኝ። በዚህ ዘዴ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳላስቀይም ኖርኩ። ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ግን ወንዱ በአንድ በኩል ሴቱ በሌላ በኩል ነው የሚቀመጠው። እሷ ከሴቶቹ ጋር ሄደች፤ ክንዴ ብቻውን ቀረ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ሦስት ናቸው። ጋሽ ከበበ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፤ ቄስ ሠረቀብርሃን፣ የንስሐ አባታችን፤ ሦስተኛው ባለሱቁ ጀይላን፣ ምላሱ ቅቤ ስለሆነ ከሽማግሌ የማይቀር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ሱቄ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌ እንዲህ ቶሎ ሲመለስ ወይ ደስታ ነው ወይ ውርደት። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁት፤ ደስታ አልነበረም።

«ተቀመጡ እንኳ አላሉንም» አሉ ጋሽ ከበበ የእኔን ዱካ እየሳቡ። «በራቸው ላይ ቆመን የመጣንበትን ሳንጨርስ፣ ‘እጄን አየር ላይ ጥሎ ላለፈ ሰው ልጄን አልሰጥም’ አሉ። ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ምንም። አላየኋቸውም።»

«አፍጥጦብኛል ነው የሚሉት።»

«ፊታቸውን አይቻለሁ። ያላየሁት እጃቸውን ነው።»

ጀይላን ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እጅ እኮ ከሰውየው ጋር ነው የሚመጣው።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐኪሟን፣ ጠብታውን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን፣ ቁንጥጫውን። ስጨርስ ገባቸው ብዬ ነበር። ለካ ጋሽ ከበበ መዝገብ እያገላበጡ ነው።

«ባለፈው ክረምት እያነከስክ የመጣህ ጊዜ፣ ከራጉኤል ስወርድ ጅብ ያዘኝ፣ ጆሮውን ጠምዝዤ ገደል ወረወርኩት ብለኸኝ አልነበር?»

«ጅብ አልነበረም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ያለችው አጭሯ የድንጋይ ምሰሶ ናት።»

«ግንባርህስ? መገናኛ ላይ አራት ሌቦች ማርኬ…»

«የልደቱ ቤት የመስኮት መዝጊያ ነው።»

«እኔስ ለጅቡ አዝኜለት ነበር» አሉ ቄስ ሠረቀብርሃን፣ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። በተጋጨሁ ቁጥር አንድ ጀብዱ ፈጥሬያለሁ። ወድቆ ከሚታዘንለት ሰው ይልቅ ጅብ የጣለ ሰው መሆን ደስ ይላል፤ ሞክሩት። ግን አስቡት፤ ሠላሳ ዓመት ስዋሽ ቢያንስ ግማሹ ሰፈር ያምነኝ ነበር። የመጀመሪያዋን እውነት ስናገር አንድ የሚያምን ጠፋ።

የሐኪም ወረቀቴን አወጣሁ። ጋሽ ከበበ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ክስ አነበቡት። «ይኸው፣ ስድስት በዘጠኝ ይላል። እኔ ስድስት በሃያ አራት ነኝ። በወረቀቱ መሠረት አንተ ከእኔ የበለጠ ታያለህ። እኔ ግን የሰው እጅ ጥዬ አላውቅም።»

«እሱ የመሐሉ ነው፣ ጋሽ ከበበ። ሁለተኛውን ገጽ ይመልከቱት።»

ሁለተኛው ገጽ ላይ የምርመራው ሥዕል አለ። አንድ ትልቅ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር፣ መሐሉ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነጭ። የእኔ ዓለም በሙሉ ያችው ሽንብራ ናት። ጋሽ ከበበ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘቅዝቀው፣ ገልብጠው፣ ለጀይላን ሰጡት።

«ይቺ ፎቶ ኮፒው ቀለም ደፍቶባት ነው» አለ ጀይላን። «ሌላ አስነሳ፣ ጋሼ።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሾላ ደረሰ። በሁለት ቀን ውስጥ የየካ ሰው ሁሉ የዓይን ሐኪም ሆነ። አንዱ ከጆሮዬ አጠገብ ጣቱን ያቆምና «ስንት ነው?» ይለኛል። «ምኑ?» ስል «አያችሁት፣ እያሾፈ ነው» ይላል። ሌላው ሳላየው ቁልፍ ይወረውርልኛል። ቁልፉ ደረቴን መትቶ ሲወድቅ «ሆን ብሎ ነው ያልቀለበው» ተባለ። አንዲት እናት ኪዳነ ምሕረት ጠበል ብትገባ ይለቅሃል አሉኝ። ገባሁ፤ ጠብታዬንም አላቋረጥኩም። ስወጣ በር ላይ ጠብቀውኝ «እህሳ፣ ኩራቱ ለቀቀህ?» አሉኝ።

ሌላ እጅ እንዳልጥል ደግሞ ጥንቃቄ ጀመርኩ። በሄድኩበት ሁሉ ግራና ቀኝ እየዞርኩ እጅ መንሳት ያዝኩ። ለሰውም፣ ለበርም፣ ለመብራት ምሰሶም። የልብስ ሰፊው የማዕረግ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ሙሉ ልብስ «እንዴት ዋሉ ጌታዬ» ብዬ ጎንበስ ስልለት ማዕረግ ከውስጥ «ደህና ነው፣ ገና አልተተኮሰም» አለኝ። በማግስቱ ሣህሌ ለምርጫ ሊወዳደር ነው ተባለ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መፍትሔ ይዘው መጡ። ዕርቅ። አቶ ገላና ዕርቅ እሺ ብለዋል፤ ከዕርቁ በኋላ ስለ ልጆቹ ለመስማትም ፈቃደኛ ናቸው። ያለው ሥርዓቱ ብቻ ነው። ድንጋይ እሸከማለሁ፣ «ኮርቼ ነው፣ ይቅር በሉኝ» እላለሁ፣ እሳቸው «አውርድ» ይላሉ።

«ግን አልኮራሁም» አልኩ።

«ልጄ፣ ትዕቢት ይቅርታ አለው» አሉ ቄስ ሠረቀብርሃን። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ይኼ የአንተው የቁልፍ ቀዳዳ ግን፣ አቶ ገላና ፊት ብታነሣው፣ በእጃቸው ላይ ጨምረህ በጭንቅላታቸውም ትቀልዳለህ ነው የሚሉህ።»

«ታዲያ እየዋሸሁ ልታረቅ?»

«ሌላ ጊዜ አስቸግሮህ ያውቃል?» አሉ ጋሽ ከበበ።

ማታ ማቲዎስ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ መሐንዲስ ነው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከግማሽ ነው፤ በሩ ግን አንድም ቀን አልነካውም። አያንቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታለቅስ ነው የከረመችው።

«አባዬ፣ ፕሊስ። ኮርቼ ነው በል። ሁለት ቃል ናት።»

«ያልሆንኩትን?»

«አንተ ያልሆንከውን ነኝ ብለህ አፍረህ ታውቃለህ?»

ይኼ ገባኝ። ቢሆንም ጠየቅሁት። «አንተስ ታምነኛለህ? ዓይኔን?»

ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው። «ምን ልበልህ፣ አባዬ። ቤታችን በር ላይ ቆመህ የሚያልፈውን አውሮፕላን ጭራ እኮ ታነብልኝ ነበር።»

«አነብ ነበር» አልኩ። እውነት ነው። ግማሹን።

የማርያምወርቅን ንገሪያቸው አልኳት። «ነገርኳቸው» አለች። «የሚስት ምስክርነት ለባል አይቆጠርም አሉኝ። ከቁንጥጫው ብዛት ጣቴ ላይ የደደረውን ቆዳም አሳየኋቸው፤ የሽንኩርት ቢላ ነው አሉ።» ቀጥላም «እኔ ምንም አልልህም። የፈለግኸውን በል። ብቻ ቅዳሜ ማታ ቶሎ ተኛ፤ የአቶ ገላና ቤት ዳገት ላይ እንዳትወድቅብኝ» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣን። ታክሲ የሚደርስበት ካለቀ በኋላ በእግር ነው፤ በባሕር ዛፉ መሐል፣ ሥር በሥር በሆነ መንገድ። የማርያምወርቅ ክንዴን ይዛ «ሥር… ጉድጓድ… ሥር…» እያለች ወሰደችኝ። ጋሽ ከበበ ከኋላ «ተውኔቱ እዚህ ድረስ መጣ?» ሲሉ ሰማኋቸው። የአቶ ገላና ግቢ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ድሮ እዚያው ያርሱ ነበር፤ መሬቱ ቤት ሲሆን ጋሪ ነዱ፤ አሁን ለግንባታ የሚሆን አጠና ይሸጣሉ። ግቢው ሁሉ የተከመረ አጠና ነው፤ ትኩስ የባሕር ዛፍ ሽታ ያፍናል።

ሰውየው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዳርቱ ከበሩ ሆነው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው፤ እሳቸውም በኦሮምኛ አጭር መለሱ። ትርጉሙን ማንም አልነገረኝም፤ ግን ሴትየዋ ስለ እኔ ተናግረው እሳቸው «እናያለን» ያሉ መሰለኝ።

ጋሽ ከበበ ከበሩ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው ትከሻዬ ላይ አኖሩት። ድንጋዩ አንድ ኩንታል ይሆናል። የማርያምወርቅ በኋላ «ከድፎ ዳቦ አይበልጥም» ብላለች፤ ተሸካሚዋ እሷ አልነበረችም።

«እንግዲህ ጀምር» አሉ ቄስ ሠረቀብርሃን።

«አቶ ገላና፣ እኔ ትዕቢተኛ ሰው ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። እስከዚህ ደህና ነበር። እንደውም ጣመኝ። «ትዕቢቴ የሚታወቀው በየካ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ያሉት ትዕቢተኞች ሁሉ ቢደረደሩ…»

ጋሽ ከበበ ሳሉ። አሳጥር ማለታቸው ነው።

«ያን ቀን ልቅሶ ላይ…» አልኩና ቆምኩ። የቀረችኝ «አይቼ ነው የተውኩዎት» የምትለዋ ብቻ ናት። እዚያ ላይ ሠርጉ መጣብኝ። የአቶ ገላና ዘመድ ከሱሉልታም ከለገጣፎም ይመጣል፤ አጎት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ። ሁሉም እጁን ይዘረጋል፣ በግራ፣ በቀኝ፣ ከታች። ግማሹን አላየውም። የማርያምወርቅ አሥር ጣት ብቻ ነው ያላት። ዛሬ ኮርቼ ነው ካልኩ የሠርጉ ቀንም ኮርቶ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የምትሸከመው አያንቱ ናት፣ በየዘመዱ ቤት፣ «የአማትሽ ነገር» እየተባለች።

«አልኮራሁም» አልኩ። «እጅዎን አላየሁትም። በጎን አላይም፣ ወደ ታችም አላይም። አጠገቤ የቆመ ሰው ካልተናገረ መኖሩን አላውቅም። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ልጄም ገና አላመነኝም።»

በሕይወቴ እንዲህ አጭር ንግግር አድርጌ አላውቅም።

«ሣህሌ፣ ተስማምተን አልነበር?» አሉ ጋሽ ከበበ በሹክሹክታ።

«ተስማምተን ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አላየሁም።»

አቶ ገላና ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሁለት ሰዓት ያህል። እሺ፣ ሁለት ደቂቃ። ድንጋይ ትከሻ ላይ ሲኖር ልዩነቱ ጠባብ ነው።

«አሁን ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«አፍንጫዎን። የጢምዎን ግማሽ።»

«የትኛውን ግማሽ?»

«ያማረውን።»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ጀይላን ይመስለኛል። አቶ ገላና አልሳቁም።

«አጠገብህ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ግቢው ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ እንደዚሁ ነበር። ራሴን ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ አዞርኩ። አያንቱ ናት። ውሃ በብርጭቆ ይዛ፣ እጄን ብዘረጋ ከምነካት ቦታ ላይ ቆማለች። ድንጋዩ ከብዶኝ መስሏት ልታጠጣኝ ነው የመጣችው። ለልጄ ልለምናት ዳገት የወጣሁላትን ልጅ አባቷ ፊት «ማንም የለም» አልኳት።

«ማስመሰልም ይቻላል እኮ» አለ ጀይላን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሌላ ሰው ይችላል» አሉ አቶ ገላና። «ይህን ሰውዬ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። የጋሪዬን ቁጥር የጻፈልኝ እሱ ነው። ቁጥሩን ሲጽፍ ብቻ አምስት ውሸት ነግሮኛል። ውሸቱ ሁሉ ግን ወደ ላይ ነው። ጅብ ይወረውራል፣ ሌባ ይማርካል። ራሱን ያሳነሰበት ውሸት የሰማችሁ አላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መዝገብ የሚያገላብጡት ጋሽ ከበበ እንኳ አንድ ገጽ አላገኙም።

«እኔ አልሰማሁም» አለች የማርያምወርቅ። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ።»

አቶ ገላና ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። «እንደ ጋሪ ፈረስ ነው?» አሉኝ። «በዓይኑ ግራና ቀኝ ቆዳ የሚታሰርበት?»

እኔን እስከዚያ ቀን ድረስ ከአንበሳ ጋር ሲያወዳድሩኝ ነው የሰማሁት። ያወዳደርኩትም እኔው ነኝ። የጋሪ ፈረስ ግን ልክ ነበር፤ ሐኪሟም እንደዚያ አላስረዳችኝም።

«እንደሱ ነው። ብቻ አልራገጥም።»

«ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረኝ። ቆዳውን ካሰርኩለት በኋላ ሳልናገር ጎኑን ከነካሁት ይደነብር ነበር። አንድ ሁለቴ ገረፍኩት። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሳልናገር የቀረብኩት እኔ ነኝ።»

ይቅር ተባልኩ ብዬ ድንጋዩን ላወርድ እጄን ሰደድኩ።

«ማን አውርድ አለህ?» አሉ።

መለስኩት።

«ስላላየኸኝ ይቅርታ አትጠይቀኝም። ስለደበቅኸኝ ግን ትጠይቀኛለህ። ሁለት ሳምንት ምን በደልኩት እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ምግብ ተወች። ‘ገላና፣ በጎን አላይም’ ማለት ከጅብ ጋር ከመታገል ይከብዳል?»

«ይከብዳል» አልኩ። ይህን ስል ምንም አልጨመርኩበትም። «አጠፋሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

«አውርድ።»

ጋሽ ከበበ ድንጋዩን ተቀበሉኝ። ሲያስቀምጡት ክብደቱን መዘን አድርገው አንድ ነገር ሊሉ ነበር፣ ተዉት። አቶ ገላና ሽማግሌዎቹን አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው። «በምን ጉዳይ ነው የመጣችሁት? ባለፈው አልሰማኋችሁም» አሉ። ቄስ ሠረቀብርሃን እንደገና ተነሥተው፣ እንደ አዲስ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጀይላን ቅቤውን ሁሉ አፈሰሰው። ወይዘሮ ዳርቱ በኦሮምኛ አንድ ቃል ብቻ ጣል አደረጉ፤ አሁንም ማንም አልተረጎመልኝም፤ አያንቱ ግን ወደ ጓዳ ሮጠች።

አቶ ገላና እሺ ካሉ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁ። «ዘመዴ ብዙ ነው። ሠርጉ ላይ ለእያንዳንዱ ስለ ዓይንህ ሳስረዳ አልውልም። በምን ይወቁልህ?»

ሐኪሟ ነጭ ዘንግ ያዝ ብላኝ ነበር። አልያዝኩም። ሣህሌ ዘንግ ይዞ ከሚታይ፣ ብዬ። ይህንንም ነገርኳቸው፤ አንዴ እውነት ከጀመርኩ አይቀር። ሰውየው ወደ ክምሩ ሄደው ቀጭን አጠና መዘዙ፣ በገጀራ በደረቴ ልክ ቆረጡት፣ ልጡንም ከላይ እስከ ታች ላጡት። ትኩስ ባሕር ዛፍ ሲላጥ እንደ ወተት ነው የሚነጣው።

«እኔ እኮ አያለሁ» አልኩ ስቀበላቸው። ልማድ ነው።

«ግማሹን ታያለህ። ለግማሹ ዱላው ይናገርልህ።»

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ማቲዎስ ቆሞ ይጠብቀናል። ሙሽራ ሽማግሌ ወደተላከበት ቤት አይመጣም፤ እግሩ ግን ከዚያ በታች መቆየት አልቻለም። የማርያምወርቅ ገና ከሩቅ በእሺታ ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። ደስታውን ሳይጨርስ ዱላውን አየው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እናቱን። መጥቶ ከጎኔ ሆነና «አባዬ፣ በቀኝህ ነኝ» አለ። ከዚያ ሥር ሲኖር ሥር፣ ጉድጓድ ሲኖር ጉድጓድ እያለ እስከ ታክሲው ወረድን።

ሰፈሩ ሁሉ አምኗል ብዬ አልዋሻችሁም። ማክሰኞ ዕለት መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወይዘሮ ዱላዬን አይታ ከፊት ያለውን መቀመጫ ለቀቀችልኝ። አመስግኜ ተቀመጥኩና ጋዜጣዬን ዘረጋሁ። ትንሽ አየችኝና «ወንድሜ፣ ቦታዬን መልስልኝ» አለች። መለስኩላት፤ በቁሜም አርዕስቱን አነበብኩላት። ጋሽ ከበበ ሁለተኛውን ገጽ ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው አስነሥተውታል። አሁንም ጥቁር ነው፤ ማሽኑን እየጠረጠሩ ነው።

ጀይላን ደግሞ አዲስ ጨዋታ አግኝቷል። በሱቁ ደጅ ሳልፍ እንደ ታክሲ ረዳት ይጮኻል። «ጋሼ፣ ጀይላን ነኝ፣ በግራህ፣ እጄ ተዘርግቷል፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ነው።» ማዕረግም ከማዶ ተቀብሎ «በቀኝህ ማዕረግ፣ ከነሙሉ ልብሱ» ይላል። አሁን መንገዱን ሁሉ ይዘውታል፤ አትክልት ሻጯም፣ ጫማ ጠራጊውም፣ የሚያልፈው ሁሉ ስሙንና አቅጣጫውን እየጠራ ነው የሚያሾፍብኝ። ጥሩ ቀን ሲሆን አራት መቶ ሰው ይጠራኛል። እኔም አንድ በአንድ እየዞርኩ እጃቸውን እጨብጣለሁ።